የታላቂቱ ድፎ

የሺአረግ ለቡሄ ድፎ መጋገር የጀመረችው ገድሉን ባገባች ዓመት ነው። ባሕር ዳር ተወልዳ ባሕር ዳር ብታድግም፣ ከዚያ ወዲህ ቡሄን ከተማ ውላ አታውቅም። በዋዜማው በኮባ ቅጠል የተጋገሩ ሁለት ድፎዎች በቅርጫት ይዛ፣ ከባሏ ጋር ጣናን በጀልባ ትሻገርና አማቷ ቄስ ወልደ ሐዋርያት ወደሚያገለግሉባት ትንሽ የሐይቅ ዳር ደብር ትሄዳለች። አንዱ ድፎ በዋዜማው ቤት ውስጥ ይቆረሳል። ሌላውን ቄሱ በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ፣ ደብሩ ግቢ ውስጥ፣ በሕዝብ ፊት ባርከው ይቆርሱታል። አገሬው የቄሱ ምራት ባለሙያ ትሁን አትሁን የሚለየው ያን ጊዜ ነው። የሺአረግም ዓመት በዓመት "እጅሽ ይባረክ" ስትባል ኖራለች። ሌላ ምራት አለመኖሩን ልብ ያለ ሰው አልነበረም፤ እሷም ለማስታወስ አልቸኮለችም።

ከዚያ ማኅሌት መጣች። የገድሉ ታናሽ ወንድም ፍሬ ስብሐት ያገባት፣ ሳቂታ፣ ድምፀ ቀጭን ልጅ። አምና የመጀመሪያ ቡሄዋ ነበር። ቡሄ እንደሚታወቀው ፍልሰታ ጾም መሀል የሚውል በዓል ነው፤ ዳቦው ቅቤም ወተትም ስለማይነካው አድሮ ይደርቃል። የሁሉም ሴት ይደርቃል። የማኅሌት ግን አድሮም እንደ ጥጥ ነበር። ቄሱ ለታላቅነቷ ብለው የየሺአረግን አስቀድመው ቆረሱ፤ ሕዝቡ ግን የማኅሌትን ተሻምቶ ጨረሰ። የየሺአረግ ድፎ ግማሹ ወደ ቅርጫቱ ተመለሰ።

"የማኅሌትን እስኪ ቅመሽው" ቢሏት "ጠግቤያለሁ" አለች፤ ከጧት ጀምሮ እህል በአፏ ያልዞረ ሴት።

ዓመቱን እንዴት እንደገፋችው የምታውቀው እሷ ናት። ለቅሶ ቤት ሳይቀር "ያቺ የማኅሌት ድፎ" ይሏታል። ዱቄቱን ደጋግማ ነፋች፣ እርሾውን ቀየረች፣ እሳቱን ቀነሰች። ዳቦው ዳቦ ሆነ እንጂ ጥጥ አልሆነም። ማኅሌትን "እንዴት አድርገሽ ነው?" ብሎ መጠየቅ አንድ መላ ነበር፤ ከዚህ ይልቅ ግን ሐይቁን በዋና መሻገር ይቀላታል።

ዘንድሮ በዓሉ ሲቃረብ የኮባ ቅጠል ልትወስድ ማኅሌት ቤት ሄደች። የማድ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ማኅሌት ጀርባዋን ሰጥታ ከጆግ ነጭ ነገር ዱቄቱ ላይ ታፈሳለች። የሺአረግ በሩ ላይ ጥቂት ቆመች፤ ከዚያ ሳትጣራ ተመለሰች። ቅጠሉን ከገበያ ገዛች። መንገዱን ሙሉ ልቧ በደስታ ይመታ ነበር። ወተት! በፍልሰታ! ለቄስ ቤት!

በዋዜማው ፍሬ ስብሐት ለአገልግሎት ቀድሞ ስለሄደ፣ ማኅሌት ከነሱ ጋር ተሳፈረች። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ሐይቁም ገና ከወደቡ ሳይርቁ መናወጥ ጀመረ። ባለጀልባው ቡርሀን ከኋላ ሆኖ "ዕቃችሁን ሸፍኑ!" ብሎ ጮኸ።

ገድሉ ጃኬቱን አወለቀ። የሺአረግ ቅርጫቷን ወደሱ ገፋ አደረገችለት። ጃኬቱ በቅርጫቷ ላይ አልፎ የማኅሌት ቅርጫት ላይ አረፈ።

"የኔስ?" አለች።

"ያንቺ ጠንካራ ነው፤ ውኃ አይገባውም" አላት ገድሉ። ክፋት የለውም፣ ማጽናናቱ ነበር።

ቡርሀን ሳቀ። "ይልቅ አምና ድፎ ያቀመሰችኝ የትኛችሁ ናችሁ? ቤት ወስጄ ለልጆቼ ባካፍላቸው እስካሁን ይጠይቁኛል።"

ማኅሌት አቀርቅራ ፈገግ አለች። የሺአረግ ፊቷን ወደ ውኃው አዞረች። እስኪደርሱ ድረስ ሞገዱ ይረጫት ነበር፤ አልጠረገችውም። ባሌን እንኳ፣ አለች በሆዷ። የገዛ ባሌን እንኳ።

ከሰዓት በኋላ፣ የዕለቱ ጾም መፍቻ ሰዓት ሲደርስ፣ በቄሱ ቤት ሁለቱ ድፎዎች ቄስ ወልደ ሐዋርያት ፊት ቀረቡ። አማቷ እማማ ሙሉነሽ ቢላዋውን አቀበሏቸው። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ሁለቱንም ተመለከቱና ፈገግ አሉ።

"ዘንድሮስ ከታናሺቱ እንጀምር። አምና ታላቅ ታላቅ ብለን ልጅቱን አስቀየምናት።"

ቆርሰው ቀመሱ፤ አላምጠው ዋጡ። "እሰይ! እጅሽ ይባረክ ልጄ። በጾም እንዲህ ያለ ለስላሳ ዳቦ በልቼ አላውቅም። ነገም በደብሩ የሚቀድመው ይኸው ይሁን።"

"እንዴት አይለሰልስ!" አለች የሺአረግ። "በወተት ተቦክቶ!"

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የሺአረግ ግን ሲያመልጣት አውቃዋለች፤ መመለስ አልፈለገችም እንጂ።

ማኅሌት ወደ እሷ ዞረች። "ሱፍ ነው፣ እትዬ የሺ! ቆልቼ፣ ወቅጬ፣ በውኃ በጥብጬ አጠለልሁት። በሱፍ ውኃ ነው ያቦካሁት!"

"ስታፈሺ በዓይኔ አይቻለሁ። ወተት ነው።"

ቄሱ በእጃቸው የቀረውን ቁራሽ መሶቡ ላይ መለሱ።

"ወተት ከሆነ ጾም ሽሬያለሁ፤ መቅደስ አልገባም" አሉ። "ሱፍ ነው ብዬ ብገባ ደግሞ ታላቂቱን ምራቴን ዋሾ አልሁ ማለት ነው። ከማዶው ደብር ቄስ ይጠራልኝ። እኔ ነገ ከደጅ ነኝ።"

"ኧረ ቄሴ!" አሉ እማማ ሙሉነሽ። "ቡሄን ከመቅደስ ቀርተው ያውቃሉ?"

"ዘንድሮ እቀራለሁ።"

የየሺአረግን ድፎ ማንም አልነካውም። ማኅሌት ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ልቅሶዋ በግድግዳው በኩል ይሰማ ነበር። ገድሉ ሚስቱን አየት አድርጎ ወጣ። የሺአረግ ብቻዋን ከሁለቱ ዳቦዎች ጋር ቀረች።

በማግስቱ ዝናቡ አላባራም። ቄስ ወልደ ሐዋርያት ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ከምእመናኑ ጋር ከቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ጠርዝ ሥር ቆመዋል። ከውስጥ የሌላ ቄስ ዜማ ይሰማል። የሳቸው ከንፈር አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን አያወጡም። ከጣራው የሚወርደው ውኃ የጋቢያቸውን ጫፍ አርሶታል።

ወሬው ከነሱ ቀድሞ ደርሷል። "ታናሺቱ ምራት ናት አሉ፣ ወተት አብልታቸው" ይባባላሉ ሴቶቹ። ማኅሌት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሸፍና አጥሩ ጥግ ብቻዋን ቆማለች። ባሏ ከውስጥ አገልግሎት ላይ ነው፤ አጠገቧ የቆመ ሰው የለም።

የሺአረግ ዓመቱን ሙሉ ስትመኘው የነበረው ይኸው ነው። ማኅሌት ተዋርዳ፣ ድፎዋን የሚያነሣላት ሰው ጠፍቶ ማየት። አየችው። ደስታው ግን አልመጣም። እያየች ያለችው የሽማግሌውን እርጥብ ጋቢ ነበር። ሰዎቹን ገፋ ገፋ እያደረገች አጠገባቸው ደረሰች።

"አባታችን" አለች በሹክሹክታ፣ "ወተት አይደለም። በሩ ላይ ስቆም የተቆላ ሱፍ ሸትቶኝ ነበር። ወተት እንዲሆንልኝ ፈልጌ ነው።"

ቄሱ ዘወር ብለው አላዩዋትም። "ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ" አሉ። "እኔም ገና ስቀምሰው አውቄዋለሁ። የቆሎ ተማሪ ሳለሁ ሱፍ ነው ያሳደገኝ፤ ጣዕሙ ይጠፋኛል?"

"ታዲያ ለምን ከደጅ ቆሙ?"

"ብገባማ ዋሾ እንደተባልሽ ትቀሪ ነበር። ብቆይልሽ ራስሽ ቃልሽን ትመልሺዋለሽ አልሁ።" መቋሚያቸውን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወሩ። "አሁን ለኔ ነገርሽኝ። እኔን ግን ማን ወተት በላ ብሎ አማኝ? የታማችው እዚያ ጥግ ናት።"

ቅዳሴው አለቀ። ዝናቡም ሳሳ። ሁለቱ ድፎዎች ግቢው ውስጥ በነጠላ ተሸፍነው ቀረቡ፣ ሕዝቡም ከበበ። ቄሱ ከባረኩ በኋላ ቢላዋውን አነሡና እጃቸውን በአየር ላይ አቆዩት።

"የሺአረግ" አሉ ጮክ ብለው፣ "የማንን ላስቀድም?"

"የኔን" ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃል። ማንም አይቃወማትም፤ ታላቂቱ ናት። ሕዝቡም የማኅሌትን ድፎ ዳግመኛ አይነካውም። የየሺአረግ ድፎ እስከ መጨረሻው ብቸኛው ድፎ ይሆናል። ይህን ሁሉ አሰበችው፤ መተዉ ጥርስ እንደ መነቀል የሚያም ነገር ነበር።

"የማኅሌትን ያስቀድሙ፣ አባታችን" አለች። ድምፅዋ ለራሷም ሻካራ ሆነባት። "ወተት የለበትም። ሱፍ ነው። ወተት ነው ያልሁት እኔ ነኝ፤ ቀንቼ ነው።"

ከሴቶቹ መካከል አንዷ "ኧረ በስመ አብ!" አለች። ገድሉ መሬት መሬት አየ። ማኅሌት ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች እንጂ አልሳቀችም፤ ወደ የሺአረግም አልመጣችም። ዓይኖቿ አባብጠዋል።

ቄስ ወልደ ሐዋርያት የማኅሌትን ድፎ ቆረሱ። የመጀመሪያውን ቁራሽ ለሌላ ሰው አልሰጡም፤ ለየሺአረግ ዘረጉላት። "ጠግቤያለሁ" ማለት እንደ አምናው አፏ ላይ መጣ፤ ሕዝቡ ሁሉ እያያት ስለነበር በሁለት እጇ ተቀበለችው።

ጎረሰችው። ለስላሳ ነበር። ዓመቱን ሙሉ እንደፈራችው ለስላሳ ነበር።