መቅመስ መብላት አይደለም

ባሌ ኬክ ሠሪ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲቀምስ ይውልና ራት ሲቀርብለት «ዛሬ እህል በአፌ አልዞረም» ብሎ ይቀመጣል። ሆዱ ግን ሌላ ነው የሚመሰክረው። መጠጥ የማይነካ ሰው ጉበቱ ስብ ይዟል ሲባል ጎረቤቱ ሁሉ ተደብቆ ይጠጣል ብሎ አማው። እኔ ራሴ ኮቱን አሽትቻለሁ፣ ምን ላድርግ።

ዶክተሯ ስቡ ጉበቱ ላይ ጠባሳ ጥሎ እንደሆነ እንይ ስትል ፊቱ አመድ መሰለ። ታላቅ ወንድሙን የቀበረው በጉበት በሽታ ነው፤ ያኔ ጎኑን በረጅም መርፌ ወግተው ናሙና ሲወስዱለት አጠገቡ ነበር። ዶክተሯ አረጋጋችው። ከክንዱ ትንሽ ደም ይወሰዳል፣ ከዚያ አንድ ማሽን ከላይ ጎኑን መታ መታ እያደረገ የጉበቱን ጥንካሬ ይለካል፤ ጠባሳ የበዛበት ጉበት ይጠነክራል። ብቻ ከዚያ በፊት ለሦስት ሰዓት ምንም እንዳይበላ አስጠነቀቀችው።

በቀጠሮው ቀን ከሥራው በቀጥታ መጣ። ቀኝ እጁን ከራሱ በላይ ዘርግቶ ተጋደመ፣ ቀዝቃዛ ጄል ቀቡት፣ ማሽኑ በጎድን አጥንቶቹ መሀል ነካ ነካ ሲያደርገው እንደሚኮረኮር ልጅ ተንከተከተ። ቁጥሩ ሲታይ ግን ሳቁ ጠፋ። ከፍ ብሏል። ዶክተሯ የደሙ ውጤትና ማሽኑ አልተስማሙም፣ በሳምንቱ እንድገመው፣ ያኔም ካልተስማሙ መርፌው ሊያስፈልግ ይችላል አለች።

በቃ፣ ሰውዬው ራሱን ቀበረ። በማግስቱ ኬክ ቤቱ ጓዳ አስገባኝና በሩን ዘጋ። ከተጋባን ጀምሮ ከኔ እንኳ የደበቀውን የክሬሙን አሠራር ሊያስተምረኝ ነው። እሱ ሲሄድ ቤቱ እንዳይዘጋ ነው አለኝ። እንቁላል እየመታሁ አለቀስኩ። ክሬሙን ማን ፈለገው? እኔ የምፈልገው እሱን ነው። እንባዬን ጠርጌ ቀና ስል እጁን አየሁት፤ ማንኪያው ከሳህን ወደ አፉ፣ ካፉ ወደ ሳህን ይመላለሳል።

«ያን ቀንም እንዲህ ስትል ቆይተህ ነው የመጣኸው?»

«ስቀምስ ነዋ። መቅመስ መብላት ነው እንዴ?»

እግዜር ይይልህ አልኩት። እዚያው ቆሜ ለዶክተሯ ደወልኩ፤ በልቶ የመጣ ሰው ጉበቱ ከሆነው በላይ ጠንክሮ ሊለካ እንደሚችል ነገረችኝ።

ለሁለተኛው ምርመራ ከጠዋት ጀምሮ ከጎኑ ንቅንቅ አላልኩም። ማንኪያዎቹን ሁሉ ሰብስቤ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ። ቁጥሩ ወርዶ ከደሙ ውጤት ጋር ተስማማ። ጠባሳው ቢኖርም ገና ጅምር ነው፣ ኪሎ ከቀነሰ ሊያገግም ይችላል፣ መርፌ አያስፈልግም አለች። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ አለቀሰ። ለወንድሙም ይህ በጊዜው ቢደረግለት ኖሮ አለ። አቅፌው ቆምኩ፤ ሰው ያየናል ብዬም አላፈርኩም።

ቤት ስንደርስ ነፍሱ ተመለሰችና የክሬሙን ነገር እንድረሳው ለመነኝ። ሞኝህን ፈልግ አልኩት።

በማግስቱ ጓዳ ገብቼ አጠገቡ ቆምኩ። እንደ ልማዱ ክሬሙን ጨለፈና ወደ አፉ ወሰደው። ከንፈሩ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ አሰበና ማንኪያውን ወደኔ አዞረው።

«ቅመሺልኝ» አለ።

ቀመስኩ። ስኳር በዝቶበታል አልኩት። ከተጋባን ጀምሮ ስለ ኬክ የተናገርኩትን ሲያምነኝ ይህ የመጀመሪያው ነው።