ልመለስ?

እና ይኸው ፕሮግራሙ እዚያው ቦታ ላይ ይሞታል፣ ቅድም በሞተበት፣ ከቅድም በፊትም በሞተበት፣ አረንጓዴው መስመር ከግማሽ አልፎ ወደ መጨረሻው ሲያዘግም ቀጥ ይላል፣ የማሽኑ ማራገቢያ ማጓራት ይጀምራል፣ ከዚያ መስኮቱ እልም፣ እንዳልነበረ። ትንሹ እጁን ከማውሱ ላይ ያነሳል። ወይ ጣጣ። ትንሹ ነው የሚሉት ቤት ውስጥ፣ ጺሙ ሸበት ጣል ቢያደርግም ትንሹ ነው፣ ትልቁ ስለነበረ፣ ትልቁ አሁን የለም፣ ስሙን ግን ማንም አልቀየረለትም።

ተነሳ? ትላለች እናቱ ከሳሎን፣ ኪሮሿን ሳታቋርጥ።

ተነስቶ ነበር እማ፣ ወደቀ፣ ሊላት አፉን ይከፍትና መልሶ ይዘጋዋል። እንዴት ተብሎ ይመለሳል ይሄ? ሥራ ቦታ ቀኑን ሙሉ የሚያወራው እንዲህ ነው፣ ማሽን ሲጠግን የሚውል ሰው ሌላ ምን ያወራል፣ ሞተ፣ ተነሳ፣ አልነሳም አለ፣ ትንፋሽ የለውም፣ እስቲ ትንሽ ይረፍ፣ አንድም ሰው ቅር ብሎት አያውቅም። እዚህ ቤት ግን አንዷም ቃል ጮክ ተብላ አትወጣም።

ደግሞ ዛሬ ጨርሶ መናገር አይፈልግም። ጠዋት ሻይ ላይ ያለችው ነገር እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ውስጥ ቆሟል። ድምፁ ጠፋብኝ አለችው፣ የማን ድምፅ እማ፣ የወንድምህ ነዋ፣ መልኩ አለ፣ አረማመዱ አለ፣ ሲስቅ ትከሻው ሲነቃነቅ ሁሉ ይታየኛል፣ ሲያናግረኝ ግን በአንተ ድምፅ ነው። በእኔ? በአንተ። አፉን የሚከፍተው እሱ ነው፣ የምትወጣው አንተ ነህ። ይህን ብላ ስኳሯን አማሰለች፣ ስኳር አታብዢ ተብላለች፣ ማን ይናገራታል፣ ማን አፉን ይከፍታል ከዚህ በኋላ? እሺ እማ ባልኩ ቁጥር ከእሱ አንዲት ነገር እየፋቅኩ ነው ማለት ነው፣ ደህና ዋልሽ ስላት አንድ፣ በሩን ዘጋሁት ስላት አንድ፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሙልጭ አድርጌ ላጠፋው ነው። ፈራ። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ የገዛ ድምፁን ፈራው።

ለዚህ ነው መሳቢያውን የከፈተው። ሁለት ክረምት ሙሉ ያልደፈረውን መሳቢያ። ትልቁ የሞተው መንገድ ላይ ነው፣ መኪና ተገልብጦ፣ ስልኩም ላፕቶፑም አብረውት ደቀቁ፣ የቀረው ይሄ ዲስክ ብቻ ነው፣ ለክፉ ቀን ብሎ የሥራውን ሁሉ ግልባጭ ያስቀመጠበት። ክፉ ቀን መጣ፣ ግልባጩ ግን አልመለስ አለ። ድምፅ ይኑርበት አይኑርበት እንኳ አይታወቅም፣ ግልባጩ ተጨምቆ የታሸገ ነው፣ ፕሮግራሙ ፈትቶ ይሄ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይ ካላሰፈረው በስተቀር ውስጡን ማየት አይቻልም። ኮምፒውተሩም የእሱ ነበር፣ አሁን ትንሹ ይሠራበታል፣ ወንበሩንም፣ ክፍሉንም።

መጣ? ትላለች።

ወንበሩን ወደ ስክሪኑ ያስጠጋል።

አንተ ልጅ፣ መጣ ወይ?

አይሰማትም፣ ማለት እንዳልሰማ ይሆናል፣ ፕሮግራሙን እንደገና ይከፍተዋል፣ እሱም እንደገና ይጠይቀዋል። ይሄ ነው የሚያሳብደው። ትልቁ ተርጓሚ ነበር፣ የመጽሐፍ አይደለም፣ ኮምፒውተር ለሰው የሚናገራትን እያንዳንዷን ቃል ወደ አማርኛ የሚመልስ፣ ይህንንም ፕሮግራም የመለሰው እሱ ነው፣ ደግሞ በራሱ አመል። ማሽን ሰውን ሲያዝ አልወድም ይል ነበር፣ ጫን፣ ጠብቅ፣ ሰርዝ፣ የወታደር ካምፕ ነው እንዴ? ሎሌ አያዝም፣ ይለምናል። እና ሌላ ተርጓሚ «ፋይሉ ወደ ቦታው ይመለስ?» ብሎ የሚገላገለውን ነገር እሱ ማሽኑን በራሱ አፍ አናገረው። ስክሪኑ መሃል ነጭ መስኮት፣ አንዲት ቃል።

«ልመለስ?»

ከሥሯ ሁለት ቁልፍ። «ተመለስ»። «ተው»።

ተመለስ የሚለውን ይጫናል። ሌላ ምን ሊጫን ኖሯል? እናቱ በምትሰማው ርቀት ቁጭ ብሎ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ወንድሙን ተመለስ ተመለስ ሲል ይውላል፣ ሰው ቢያየው ለየለት ይላል፣ አረንጓዴው መስመር ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ልብ ይሰቅላል፣ እዚያች ቦታ ሲደርስ ቀጥ። ማራገቢያው። እልም።

እሺ፣ ረጋ በል፣ ባለሙያ አይደለህ እንዴ። የማስታወሻ ቺፖቹን አንድ በአንድ ነቅሎ ሞከረ፣ እዚያው ሞተ፣ ገመዱን ቀየረ፣ እዚያው፣ ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ መረመረ፣ ጤነኛ፣ እንከን የለሽ፣ የቫይረስ መከላከያውን አጠፋ፣ እዚያው። የተበላሸ ዕቃ እኮ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ነው የሚሞተው፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚሞት ነገር አልተበላሸም። እዚያ ቦታ ላይ አንድ ነገር አለው። ይህን ሲያስብ ጀርባው ላይ ቀዝቃዛ ነገር ይወርዳል፣ ሄዶ መስኮቱን ይዘጋል፣ መስኮቱ ዝግ ነበር።

ስልኩን ይዞ መታጠቢያ ቤት ይገባል፣ እናቱ ድምፁን እንዳትሰማ ውኃውን ይከፍታል፣ ቢንቢ ጋ ይደውላል። ቢንቢ የሥራ ባልደረባው ነው፣ ጆሮ ሥር ገብቶ ስለሚጮህ ነው ስሙ። ምነው ታንሾካሹካለህ፣ ሌባ ገባ? አልገባም፣ ስማኝ። ይነግረዋል። ሁሌ አንድ ቦታ? አንድ ቦታ። እንግዲያው ዲስኩን ተወው፣ ልጁ ሊናገር የፈለገው ነገር አለ። የቱ ልጅ? ፕሮግራሙ ነዋ፣ እዚያ ሲደርስ አንድ ነገር ሊጠይቅህ ይፈልጋል፣ ቃሉ አልወጣ እያለው ነው የሚሞተው፣ በምን ቋንቋ ነው ያለው? በአማርኛ። ኧረ በሕግ አምላክ፣ የትኛው ቀልደኛ ነው ይህን የተረጎመው? ውኃው ይፈስሳል። ይቅርታ ወንድሜ፣ አፈር ልብላ፣ ረስቼው እኮ ነው። ምንም አይደል፣ ቀጥል። እየውልህ፣ የእኛ አንዷ ፊደል የእነሱን የሦስት ፊደል ቦታ ትይዛለች፣ እነሱ ለአጭር ጥያቄ ብለው የተዉት ጠባብ ቦታ ውስጥ ረጅም ዓረፍተ ነገር ከጠቀጠቅክበት ሞልቶ ይፈስሳል፣ ሲፈስስ ይሞታል። የቃላቱን ፋይል ክፈት፣ ረጅሙን ፈልግና ቁረጠው። ልቁረጠው? ቁረጠው፣ ምን ችግር አለው።

ምን ችግር አለው ይላል ቢንቢ።

የቃላቱ ፋይል ይከፈታል፣ ትልቁ መስመር በመስመር ተኮልኩሎ ይጠብቀዋል። ትንሽ ታገሰኝ፣ እየሠራሁ ነው። ይቅርታ፣ የጠየቅከኝን አላገኘሁትም። ጨርሻለሁ፣ ደህና ሁን። ትንሹ ሳያስበው ፈገግ ይላል፣ ትልቁ ወሬ ከጀመረ ራት ይበርዳል ይባል ነበር እዚህ ቤት፣ ጨው አቀብለኝ ለማለት እንኳ መግቢያ ነበረው። ረጅሟን ለማግኘት አልተቸገረም፣ ከሁሉ ተርፋ ወጥታ ትታያለች። ፕሮግራሙ አንድ ፎልደር ሊያሰፍር ሲል በዚያው ስም ሌላ ካገኘ የሚጠይቃት ናት፣ ሌላ ሰው «ይተካ?» ብሎ ባለፋት ነበር።

«እዚህ ቦታ ላይ ከእኔ በፊት የተቀመጠ አለ። እሱን አስነስቼ እኔ ብቀመጥበት ቅር ይልሃል? ወይስ ሁለታችንም ጎን ለጎን እንሁን?»

አንዴ ያነበዋል። ሁለተኛ አያነበውም፣ አልቻለም፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ወንበሩ ይታወቀዋል፣ የእሱ ወንበር፣ የእሱ ጠረጴዛ፣ ማነው ቦታህ ላይ የተቀመጠው ወንድሜ፣ እኔ ነኝ። ሞኝ አትሁን፣ ለማንም የተጻፈ የኮምፒውተር ቃል ነው። ነው። ግን የሚሞተው ይህን ልጠይቅ እያለ ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ ይህን ሊጠይቀኝ።

በየትኛው ስም? የቱ ላይ ነው የተጋጩት? ፕሮግራሙ የሠራውን እየተከተለ የሚጽፍበትን መዝገብ ከፍቶ የሞተበትን ፎልደር ይፈልጋል፣ ያገኘዋል፣ ስሟ ሁለት ፊደል ናት። «እማ»።

እኔም አለኝ እማ የሚባል። እዚሁ ማሽን ላይ፣ እዚሁ ክፍል ውስጥ፣ የመድኃኒቶቿን ፎቶ የማስቀምጥበት፣ የትኛው ጠዋት የትኛው ማታ እንደሆነ እንዳይጠፋኝ። እሱም እማ ብሎ አንድ ነገር አስቀምጧል። ሁለት ወንድማማች፣ አንዲት እናት፣ አንዲት ስም፣ ሌላ ምን ብለን ልንጠራት ነበር?

ጠቋሚው ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ብልጭ ድርግም ይላል። ይቆርጣል፣ «ጎን ለጎን እንሁን» ይጠፋል፣ መልሶ ይጽፈዋል፣ ፊደሏን አንድ በአንድ። አልቆርጥም። የሟች አፍ አይዘጋም። ደግሞስ ለምን ይቆረጣል፣ ቦታው ላይ የተቀመጠ ከሌለ ጥያቄውም የለም፣ ማንን ያስነሳል? ይሄን ለማሰብ ይህን ያህል ጊዜ ፈጀብህ፣ ድንጋይ ራስ። የራሱን ፎልደር ስም ይለውጣል፣ «እማ» የነበረውን «መድኃኒት» ይለዋል፣ ከዚያ ፕሮግራሙን ይከፍታል፣ ተመለስ።

መስመሩ ይሄዳል። እዚያች ቦታ ይደርሳል። ትንሹ ትንፋሹን ይውጣል። መስመሩ ሳይቆም ያልፋል፣ ማራገቢያው ጸጥ ይላል፣ ሳሎን ያለው ኪሮሽም ይቆማል፣ ቤቱ በሙሉ ጆሮውን ቀጥ ያደረገ ይመስላል። እናቱ ሳትጠራ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች።

ፎልደሩ ውስጥ ያሉት የድምፅ ፋይሎች ናቸው። ድምፅ ናቸው። የመጀመሪያውን ይከፍታል፣ ትንፋሽ ይሰማል፣ የወንበር ሲጥታ፣ ከዚያ አንድ ሰው ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ «እሺ እማ፣ ተርጉሜ የጨረስኩትን ልሞክርብሽ፣ አንቺ ከገባሽ ለማንም ይገባዋል»፣ የትንሹ ፀጉር ይቆማል፣ ምክንያቱም የእኔ ድምፅ ነው፣ ራሴ ነኝ፣ ይህን መቼ አልኩት፣ አላልኩትም፣ አንዲት ቅንጣት ልዩነት የለውም፣ እናቱስ በምን ልትለየው ነው፣ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ።

እኔ አይደለሁም እማ፣ ይላታል፣ ጮክ ብሎ፣ ሳያስበው።

አውቃለሁ፣ ዝም በል አንተ፣ ትላለች። አንተን መቼ አጣሁህ። እሱ ነው።

መጥታ ጠረጴዛው አጠገብ ትቆማለች፣ ትንሹ ከወንበሩ ይነሳላታል፣ ትቀመጣለች፣ ወደ ድምፅ ማጉያው ጠጋ ብላ በጎን ታዳምጣለች። ድምፁ ያነብባል፣ የዲስክ መሙላት ማስጠንቀቂያ ነው፣ ትንሹ ያውቀዋል፣ በየቀኑ የሰው ማሽን ላይ ያየዋል።

«ሁሉንም ይዤ መጥቻለሁ፣ ማሳረፊያ ግን አጣሁ። ትንሽ ቦታ ይኖራል?»

ከዚያ ዝም ይላል፣ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው፣ ቀረጻው ባዶውን ይሄዳል፣ የዚያን ቀን ምን እንዳለችው አልተቀዳም፣ ወይ እሷ በሌለችበት ለብቻው ሲለማመድ ነው።

ምን ጠፍቶ ልጄ፣ ትላለች እናቱ፣ እጇን የድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋ። ቦታማ አለ።