ገና ያልተጀመረው ስም

«በዘፈን ነው የገደለው» አለች አንዷ ለቀስተኛ፣ አጠገቧ በተቀመጠችው ጎረቤቷ ጆሮ ላይ ተደፍታ። «በሽተኛውን ሰውዬ ዝፈን ዝፈን እያለ ደም ሥሩን በጠሰው።»

ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏታል። የሟቹ ታናሽ ልጅ ግን የሻይ ትሪ ይዞ ከኋላዋ ቆሞ ነበር። ብርጭቆዎቹ እርስ በርሳቸው ሲንቃጨሉ ዞር አለች። ፊቷ ዐመድ መሰለ።

«ሻይ ይውሰዱ፣ እትዬ» አላት።

ምን ታድርግ፣ ወሰደች።

ሐዘኑ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ከጎረቤት የተለቀሙ ወንበሮች ዙሪያውን ተደርድረዋል። ታላቅ ወንድሙ በሩ ሥር ተቀምጦ ጡጫውን ይጨብጣል፣ ይፈታል፣ መልሶ ይጨብጣል። አባቱን ቀብሮ የተመለሰ ሰው ሳይሆን የሚደበድበው ሰው የጠፋበት ይመስላል።

አክስቱ ማድ ቤት ድረስ ተከትላው ገባች።

«ሰምተሃል አይደል?»

«ሰማሁ።»

«አፋቸው ይዘጋ! ግን ወንድምህም ያው ነው። ታናሽህ ሰኞ አዲሱ ሥራው ይገባል ቢሉት፣ እግሩን ሰብሬ አስቀምጠዋለሁ አለ።»

«ይላል እንጂ አያደርገውም።»

«አንተ ልጅ፣ እሱ የማን ልጅ እንደሆነ ረሳኸው?»

አልረሳም። አባታቸው በርና መስኮት የሚበይድ ብረት ሠራተኛ ነበር። ሰፈሩ ነጎድጓድ ይለዋል፤ እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት የመብራት ቆጣሪ የሚያነቡት ሰዎች ብቻ ናቸው ተብሎ ይቀለድ ነበር። ብረቱንም፣ ልጆቹንም፣ ሚስቱንም ዕድሜዋ እስኪያልቅ ድረስ በዚያው እጁ ነበር የሚመታው። ታናሹ ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው ለምኖ ያገኛትን አሮጌ ጊታር አልጋ ሥር ደብቆ ተያዘ። አባትየው ጊታሯን በአንገቷ አንጠልጥሎ ወደ ብረት ቤቱ ወሰዳት፣ መቁረጫውን አስነሣና ልጁ እያየ ለሁለት ሰነጠቃት። ክሮቹ እየተበጠሱ የአባትየውን ፊት ገረፉት፤ ጉንጩ ደማ። ደሙ ጭራሽ አናደደው። ዘንግ አንሥቶ ወደ ልጁ ሲመጣ ታላቅየው መሐል ገባ። አባትየው ዘንጉን ጥሎ በመዳፉ የታላቅየውን ጆሮ አጮለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ታላቅየው በግራ ጆሮው አይሰማም።

ታናሹ ግን ሙዚቃውን አልተወም፤ ጭራሽ በሙዚቃ ማከም ተማረ። የሰፈሩ ጎረምሶች «ዶክተር ጊታር! ራሴን አሞኛል፣ እስቲ አንድ ዘፈን እዘዝልኝ!» እያሉ ይስቁበታል። አሁን በከተማው ዳር ያለ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ቀጥሮታል። በሙዚቃ የሚያክም ሰው ሲቀጥሩ የመጀመሪያቸው ነው። ሰኞ ካልተገኘህ ቦታው ይታጠፋል ብለውታል።

የወንድሙን ዱላ አልፈራም። የፈራው ሴትዮዋ ያንሾካሾከችውን እሱ ራሱ ከእሷ በፊት ማሰቡን ነበር።

አባትየው ከስድስት ወር በፊት ብረት ቤቱ ውስጥ እየሠራ ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉ። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ፣ ንግግሩም ጠፋ። የተረፈችው ቃል አንዲት ብቻ ናት፤ «ጥፋ!» ሲጠማው «ጥፋ!» ሲያመው «ጥፋ!» ቤት ድረስ የምትመጣው ነርስ ደኅና አደሩ ስትለውም «ጥፋ!» በሽታው ያን ሁሉ ቃል ወስዶ፣ ዕድሜውን ሙሉ አብዝቶ የተናገራትን አስቀረለት።

ንግግር ከጠፋበት ሰው አንዳንዴ ዜማ አይጠፋም፤ ይህን ታናሹ በትምህርት ቤት አውቆታል። በመጨረሻው ወር በየቀኑ አልጋው ጠርዝ ላይ እየተቀመጠ የአባቱን ደኅና እጅ ይይዛል። ያንኑ እጅ በሁለት ጣቱ ቀስ እያለ መታ መታ እያደረገ፣ «ውሃ ስጠኝ» የሚለውን ቆራርጦ ይዘምርለታል። አባትየው «ጥፋ!» ይለዋል። እንደገና ይጀምራል። በሃያኛው ቀን አሮጌው ጉሮሮ ተንቀሳቅሶ፣ እንደ ዛገ ማጠፊያ እየተንቋረረ፣ «ውሃ ስጠኝ» ብሎ ዘፈነ። ታናሹ ውሃውን ሲያመጣ ከብርጭቆው ግማሹን መንገድ ላይ አፍስሶታል።

የሐዘኑ ሦስተኛ ቀን እሑድ ነበር። ቤቱ በሰው እንደተሞላ ታላቅየው ብድግ አለ።

«ሁላችሁም ስሙ። ሰኞ ይሄ ልጅ የትም አይሄድም። ብረት ቤቱን ከእኔ ጋር ይሠራል። ዘፈኑ ያደረሰብን ይበቃናል።»

«እሄዳለሁ፣ ጋሼ» አለ ታናሹ።

«ምን አልክ?»

«እሄዳለሁ።»

ታላቅየው የተቀመጠበትን ወንበር አንሥቶ ግድግዳው ላይ ከሰከሰው። ሴቶቹ ጮኹ። አንድ ሽማግሌ «ኧረ በሕግ!» እያሉ ከነሻያቸው ተነሡ። እሱ ግን ማንንም ሳያይ ወጥቶ ብረት ቤቱ ገባ፤ ወዲያው መዶሻ ላሜራ ላይ ሲወርድ ተሰማ። የሳሎኑ መስኮት ይርገበገባል።

ታናሹ ተከተለው። አክስቱ እጅጌውን ብትይዘውም አስለቀቃት።

የተናደደን ሰው ዝም በል አትበለው፣ መጀመሪያ አብረኸው ተናደድ፣ ብላዋለች በሙዚቃ ማከም ያስተማረችው ሴት። እሱ ባለበት ፍጥነት ምታ። አብራችሁ መሆናችሁን ካመነ በኋላ ቀስ በቀስ ዝቅ ታደርገዋለህ። ታናሹ ከመደርደሪያው መዶሻ አነሣና በላሜራው ሌላ ጫፍ ቆሞ ወንድሙ በመታ ቁጥር መታ። ብረቱ ጮኸ። ታላቅየው ደነገጠ፣ ከዚያ ይብስ ፈጠነ። ታናሹም ፈጠነ። ክንዱ ተቃጠለ፣ ጥርሱ ተንገጫገጨ፣ ስድስት ወር የዋጠው ሁሉ በመዶሻው ወጣ። ማስመሰል መሆኑ ቀርቶ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ አባቱን ይመታ ነበር።

ይህ አስፈራው፤ ስለፈራም ተሳሳተ። ጊዜው ሳይደርስ ምቱን ዝቅ አደረገ።

ታላቅየው ገባው። መዶሻውን አየር ላይ እንደያዘ ቆመ።

«ልታክመኝ ነው?»

«ጋሼ...»

«እኔን? እንደ እብዶችህ?»

መዶሻው ወረደ። ላሜራው ላይ ነበር ያነጣጠረው፤ የታናሹ ግራ እጅም እዚያው ላይ ነበረች። የመዶሻው ጫፍ ሁለት ጣቶቹን አገኛቸው። ታናሹ እጁን ሆዱ ውስጥ ቀብሮ ወለሉ ላይ ተጠቀለለ። ጩኸቱ የዜማ ሽታ አልነበረውም።

ታላቅየው መዶሻውን ወርውሮ አጠገቡ ተንበረከከ። «አሳየኝ። አሳየኝ እኮ ነው የምልህ! ጣትህን አጥፈው። ይታጠፋል?»

አንዱ ታጠፈ። አንዱ እንቢ አለ።

ከውጭ የአክስታቸው ድምፅ መጣ፤ «ምንድን ነው? ተገዳደላችሁ እንዴ?»

«ደኅና ነን!» ብለው ሁለቱም ጮኹ።

ታላቅየው ደኅናውን ጆሮውን ወደ እሱ አዞረ።

«ለሰው አልነገርክም» አለ።

አልነገረም። አባታቸው በሞተበት ቀን ታላቅየው ከሥራ ዳቦ ይዞለት ገብቶ ነበር። አባትየው «ጥፋ!» አለው። ታላቅየው ዳቦውን ግድግዳ ላይ ወርውሮ ሽማግሌውን በፒጃማው አንገት አነቀው። «ስድስት ወር ያጠብኩህ እኔ! ለእሱ ትዘፍናለህ፣ ለእኔ ጥፋ?» እያለ ከትራሱ ጋር አላተመው። ታናሹ በወገቡ ይዞ ጎትቶ አላቀቀው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሽማግሌው ሞተ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት?»

«አላውቅም። ሐኪሙ ሞቱ አይቀርም ነበር ብሏል። እኔም በዜማው አድክሜው ይሆናል። አላውቅም፣ ጋሼ።»

«ጥፋ ሲለኝ...»

«ሌላ ቃል አልነበረውም እኮ። ዳቦውን ሲያይም ያው ነው የሚለው።»

ታላቅየው እጁን ፊቱ ላይ አሸት አሸት አደረገ፤ ጥቀርሻው ግንባሩን አጠቆረው።

«ስሜን ጠርቶ ያውቃል? ስትዘፍኑ?»

መዋሸት ቀላል ነበር። ታናሹ አፉን ከፈተ፤ ግን ያ ሰው ለአንዲት «ውሃ ስጠኝ» ሃያ ቀን ሲታገል አይቶ ያላለውን ቃል በውሸት ሊያስብለው አልቻለም።

«ገና አልጀመርነውም ነበር» አለ። «ከውሃው ቀጥሎ ላስጀምረው ነበር።»

«ስንት ቀን ይፈጅ ነበር?»

«ስምህ አጭር ነው።»

ታላቅየው ሳቅ መሰል ነገር ከአፍንጫው አወጣ፤ ሳቁ ግን መሐል ላይ ለቅሶ ሆነበት። ትከሻው መናጥ ጀመረ። ታናሹ አልነካውም፣ አልዘመረለትም፣ ዝም በልም አላለውም። እጁን እንዳቀፈ አጠገቡ ተቀመጠ።

ሰኞ ጠዋት ታናሹ ክፍሉ ውስጥ ከጥቁር ሸሚዙ ጋር ይታገል ነበር። ግራ እጁ በፋሻ ተጠቅልላ ዳቦ አክላለች፤ በአንድ እጅ ቁልፍ አልገባ ብሎታል። በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ታላቅየው መንገዱን ዘግቶ ቆመ።

«በዚህ እጅህ ምን ልትሠራ ነው?»

«ድምፄ አለ። አንድ እጅም አለኝ።»

ታላቅየው ገብቶ ፊት ለፊቱ ቆመና የሸሚዙን ጠርዝ ያዘ። ብረት የለመዱት ጣቶቹ ትንንሾቹን ቁልፎች መያዝ አቃታቸው። እየተነፈሰ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ አንድ በአንድ እስከ አንገት ድረስ ቆለፈ። አንዱን ዘሎት ኖሮ ሸሚዙ ተንጋደደ።

«ግዴለም፣ ጋሼ። መኪናው ይሄድብኛል።»

«ቁም» አለው። ሁሉንም ፈታና ከታች እንደገና ጀመረ።