ከስፒል መሃል የወጣች ቃል

ልብስ ሰፊዋን ሠፈሩ ሁሉ «መርፌ» ይላታል። ሥራዋን ለማመስገን የወጣ ስም የሚመስለው ደንበኛ ብዙ ነው፤ አንድ ቀን በዋጋ ሲከራከራት ግን ከየት እንደመጣ ይገባዋል። እኔ እዚያው ቤት ልብስ እተኩሳለሁ። ተኳሽ ነኝ ስል ወታደር የምመስለውም አልጠፋም።

መርፌ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን አትቀርም። የጌታ ጸሎት ሲደርስ ከሰው እኩል ትጀምርና፣ የበደለንን ይቅር ስለማለት የሚናገረው ጋ ስትደርስ አፏን ትዘጋለች። ከዚያ ቀጥሎ ካለው ትይዛለች። አጠገቧ ስለምቆም አውቃለሁ።

የምትዘለው አባቷን ነው። ልጅ ሳለች ጨዋታ ይዟት ቆየች፤ እናቷ በዝናብ ልትፈልጋት ወጥታ መኪና ገጫት። በቀብሩ ላይ አባትየው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እሷን ከሚወስድብኝ ምነው አንቺን በወሰደሽ!» አላት። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል። አክስቷ ወስዳ አሳደገቻት። አባቷን መንገድ ላይ ስታየው ወደ ማዶ ትሻገር ነበር፤ ደስ ባላት ቀን እንኳን ያቺ ቃል መጥታ ደስታዋን ታበላሽባታለች።

ቄሱ ነገሩን ደርሰውበታል። ይቆጡኛል ብላ ስትጠብቅ፣ «ዝለይው» አሏት። «ሳይሆን ሆነልኝ ብለሽ እግዚአብሔርን ከምትዋሺው መዝለሉ ይሻላል። ግን በዘለልሽ ቁጥር ‹ጌታ ሆይ፣ ይሄ ነገር የለኝም፤ አንተ ስጠኝ› በዪው።» እኔ እንዲህ ያለ ምክር አይገባኝም። እሷም አልገባትም፤ ሆኖም ማለቱን አልተወችም።

አንድ ጠዋት ወንድሟ አባታቸውን ደግፎ ወደ ሱቁ አስገባ። የልጅ ልጅ ሠርግ ደርሷል፤ ሽማግሌው ደግሞ ከስቶ ኮቱ ሰፍቶታል።

«በከተማው ሌላ ልብስ ሰፊ የለም?» አለችው ወንድሟን።

«መኪናዬን መጥፎ ቦታ ነው ያቆምኳት» ብሎ ወጣ፤ አልተመለሰም።

«ይቁሙ» አለች አባቷን፣ እንደማንኛውም ደንበኛ። ስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛ የኮቱን ጀርባ ሰብሰብ ማድረግ ጀመረች። የትከሻው አጥንት እጇን ነካት።

«ልጄ» አለ ሽማግሌው ግድግዳውን እያየ። «በእናትሽ ቀብር፣ ያን ቀን ያልኩሽ ነገር...»

«ይቅር!» አለች በስፒሎቹ መሃል። ወሬው ይቅር፣ አይነሳብኝ ማለቷ ነበር።

ሽማግሌው ቀስ ብሎ ዞረና ደህናውን ጆሮውን አስጠጋ። «ምን አልሽኝ? ይቅር ነው ያልሽኝ? እስቲ ድገሚልኝ።»

በአማርኛ ወሬ ለማስቆምም፣ በደል ለመተውም ያለችው ያቺው አንዲት «ይቅር» ናት። መርፌ ስፒሎቹን ከአፏ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ወሬውን ይተዉት ነው ያልኩት» ልትለው ነበር፤ እውነቱም እሱ ነው። ሽማግሌው አንገቱን እንዳዘነበለ ይጠብቃል። ኋላ እንደነገረችኝ፣ በሆዷ «ጌታ ሆይ፣ የለኝም» አለች፤ ከልማድ የተነሳ እንጂ አንዳች ነገር ጠብቃ አይደለም። ዕንባዋ የመጣው ያኔ ነው። ከዕንባው ጋር ያ ስትሸከመው የኖረችው ቂም ለቀቃት፤ ፈልጋ አጣችው።

«አመመኝ» አለችው። «ዕድሜዬን ሙሉ አመመኝ፣ አባዬ።» የሰማት ስላልመሰላት ጮኸች። «ይቅር ብዬሃለሁ! አባዬ፣ ይቅር ብዬሃለሁ!»

እኔ በዚህ መሃል የሰው ሸሚዝ አሳረርኩ።

«ሰማሁ፣ ልጄ» አለ አባትየው፣ ዕንባውን በኮቱ እጅጌ እየጠረገ። «የፊተኛውንም ‹ይቅር› ሰምቼዋለሁ። እሱ ግን የቁጣ ነበር።»