ለጎረቤት የሚጠየቅ ምክር

አንድ መሥሪያ ቤት ዕዳ ላስጨነቀው ሰው ነፃ ምክር የሚሰጥ ቢሮ ሊከፍት አሰበና፣ ስንት ሰው እንደሚፈልገው ገምት ብሎ አጥኚውን በየሰፈሩ ላከው። ፈላጊው ጥቂት ከሆነ ሐሳቡ እዚያው ላይ ይቀራል። አጥኚው ደግሞ ጠንቃቃ ነው። ስለ ራሱ ተጠይቆ ስለ ሌላ ሰው የሚያወራውን ሁሉ ከግምቱ ያስወጣል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም፤ ሁሉም ግን የሚያውቀው ለሌላው ነው። ሰዉ በሩ ላይ ቆሞ፣ «እኔ እንኳ ተመስገን ነው፤ ጎረቤቴን ነው እንጂ ዕዳ የዋጠው» ይላል። ስለ ጎረቤቱ ያወራ ሁሉ ተሰረዘና በጣት የሚቆጠር ሰው ቀረ።

ግምቱን ከማስረከቡ በፊት መሥሪያ ቤቱ ለሙከራ የከፈታትን አንዲት የምክር ክፍል ሊያይ ጎራ አለ። እውነቱን ለመናገር ቤቱ መግባት አስጠልቶት ነው። ቤት የሚጠብቀው የለም። ከየወዳጁ እየተበደረ፣ መክፈል ሲያቅተው መንገድ እየቀየረ፣ ይኸው ብቻውን ቀርቷል። ታላቅ እህቱ እንኳ ስትደውል ስልኩን አያነሳም። ምን ብሎ ያንሳው?

አማካሪዋ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ሥራ እንዴት ነው ቢላቸው፣ ወንበር አልበቃ ብሎን ሰው ቆሞ ይጠብቃል አሉት። አጥኚው ደነገጠ። በእሱ ስሌት ዝንብ እሽ ሲሉ መዋል ነበረባቸው።

«ለራሱ የመጣ ግን የለም» አሉት ፈገግ ብለው። «አንዱ ለጎረቤቱ ነው፣ አንዱ ለአማቹ። እኔም አላፋጥጥም። ለጎረቤትህ እንዲህ በለው ብዬ እመክረዋለሁ። አንዳንዱ እንባውን እየጠረገ ይሄዳል።»

አጥኚው ያን ሁሉ የሰረዘውን ሰው አሰበ። አንድ ጎልማሳ ጎረቤቱን አምቶ ከጨረሰ በኋላም በሩን ሳይዘጋ ቆሞ ነበር። አሁን ገና ገባው፤ አፈረም። ግምቱንስ ነገ ያስተካክለዋል፤ እሱ ቀላል ነው። ተነስቶ መሄድ ግን አቃተው።

አማካሪዋ ሊዘጉ ቁልፋቸውን አንስተው ነበር። እሱ ከወንበሩ እንዳልተንቀሳቀሰ ሲያዩ መልሰው ተቀመጡ።

«ለማን ነው ልጄ?» አሉት ቀስ ብለው። «ለጓደኛህ ነው?»

አዎ ማለት ይበቃው ነበር። እሳቸውም ከዚያ በላይ ባልጠየቁት ነበር።

«ጓደኛ የለኝም እትዬ» አላቸው። «ሁሉንም ተበድሬ ጨርሻቸዋለሁ።»