የአምባሳደሩ ቀማሽ

የኛ መንገድ ላይ ገንዘብ ያለው ሰው ያለ ፓስፖርት ዓለምን ዞሮ ይበላል። የጣሊያኑ ምግብ ቤት ከሕንዱ ጋር ግድግዳ ይጋራል፣ ከማዶ ቻይናው አለ፣ ጥጉ ላይ ግሪኩ። የሚበሉት ለሥራ የመጡ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው፤ እኛ ጎረቤቶቹ ሽታውን በነፃ እንጠግባለን።

የግሪኩ ቤት ምግብ አብሳይ ጎረቤቴ ነው። ግሪክን በካርታ እንኳ ሳያያት የሷን ምግብ ሲሠራ ስለኖረ «አምባሳደሩ» እንለዋለን። አምና ክፉ ጉንፋን ያዘውና ሲለቀው ጣዕምና ሽታውን ይዞበት ሄደ። ይህን ያወቀች ሚስቱ ብቻ ነበረች። አሠሪው ከሰማ እንጀራው መቆረጡ ስለሆነ፣ ምሳ ሊደርስ ሲል በጓሮ በር እየገባች ትቀምስለት ጀመር። እኔ ከልብስ ስፌት ቤቴ ደጃፍ ሆኜ፣ በዚህ ዕድሜ ፍቅር ጠናባችሁ እያልኩ አሾፍባቸው ነበር። እሷ ትስቃለች፤ እሱ አይስቅም።

ከደንበኞቹ አንድ ሽማግሌ መሐንዲስ ነበሩ። የእንቁላልና የሎሚ ሾርባቸውን ጥርግ ሳያደርጉ አይነሡም። ኋላ ግን ግማሹን መተው ጀመሩ፣ ከዚያም ሁለት ማንኪያ ቀምሰው መሄድ። አምባሳደሩ የተመለሰውን ሳህን እያየ ሚስቱን ሲጠይቃት፣ ሾርባው ምንም አልሆነ፣ ሰውዬው አርጅተው ነው ትለዋለች።

አንድ ቀን ሽማግሌው አስተናጋጇን ጠርተው፣ የድሮው አብሳይ መቼ እንደሄደ ጠየቋት። አምባሳደሩ በወጥ ቤቱ መስኮት ሰማ። ሚስቱ ማንኪያ ይዛ አጠገቡ ቆማለች። የሆነውን በኋላ እያለቀሰች የነገረችኝ እሷው ናት።

«እውነቱን ንገሪኝ። ምን ምን ይላል?»

«እኔ ምን አውቄ? ይሄን ሾርባ ድሮም አልወደውም። እንቁላልና ሎሚን ምን አገናኛቸው?»

«ታዲያ በየቀኑ ጥሟል የምትዪኝ?»

«ፊትህን እያየሁ ሌላ ምን ልበልህ?»

ሽርጡን ፈታ፣ አጥፎ አስቀመጠና ወደ ሽማግሌው ጠረጴዛ ሄደ። የድሮውም የአሁኑም እኔ ነኝ፣ ምላሴ ነው የሄደብኝ አላቸው። ሽማግሌው ተነሥተው እጁን ያዙት። ገንዘብ መቀበያው ጋ የተቀመጠው አሠሪውም ሰምቷል። በሳምንቱ ሌላ አብሳይ ገባ።

አሁን አምባሳደሩ ቀኑን እኔ ደጃፍ ተቀምጦ ይውላል። ለምሳ ማብሰል ሲጀመር ወደ ጥጉ ያይና፣ ዛሬስ እንዴት ይሸታል ይለኛል። እኔም ምራቄን ዋጥ አድርጌ፣ «ዛሬም አሳርረውታል» እለዋለሁ።