ወባ ብዬ የላክኋት ልጅ

በ1988 ክልላችን ገና ዳዴ ሲል፣ አሶሳ አጠገብ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ባለሙያዋ እኔ ቀነኒ ነበርኩ። ማይክሮስኮፓችን በመስተዋት የፀሐይ ብርሃን እየለቀመ ነው የሚሠራው፤ ከደመነ ሥራ የለም። ወባ በማየት ግን የሚስተካከለኝ አልነበረም። ይህን ስል አላፍርም።

ኸድራ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ዐወድ በአንድ ወር ሦስት ጊዜ አመጣት፤ ሦስቱንም ጊዜ ደሟ ውስጥ ወባ አግኝቼ ጽፌ ሰጠሁ። ውሸት አልጻፍኩም። እኛ ዘንድ ግን ወባ ከተገኘ ሌላ የሚፈልግ የለም፣ እኔም አልፈለግኩም።

በአራተኛው ስትመጣ ቀኝ ጉንጯ አብጦ ዓይኗን ወደ ላይ ገፍቶታል።

«ወባ አልሽ፣ መድኃኒት በላች። ጉንጭ ግን ጨመረ» አለ ዐወድ። «ድንበሩ ጋ፣ ኩርሙክ፣ ጥርስ የሚነቅል ሰው አለ። ነገ እወስዳለሁ።»

ከጎንደር የተመደበልን ሐኪም ምንያህልም የጥርስ መግል ነው ባይ ነበር። ጥርሷን ነካ ነካ አደረግኩት፤ ብዙዎቹ ይነቃነቃሉ፣ መግል ግን የለም። ኮሌጅ የተማርኩት ትዝ አለኝ። አብዛኛው ሰው በልጅነቱ የሚይዘው፣ ምንም ሳያደርገው አብሮት የሚኖር ቫይረስ አለ። የሚደበቀው ከበሽታ በሚከላከሉን ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ነው። ወባ በሚመላለስበት አገር፣ አልፎ አልፎ፣ አንዷ ሴል ትለወጥና መባዛቷን ማቆም ያቅታታል። እብጠቱ በቀናት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ጥርስ ሲነቀል የሚባክነው ቀን ልጅቷን ሊገድላት ይችላል።

«ከእብጠቱ በመርፌ ትንሽ ቅዳልኝ» አልኩት ምንያህልን።

«በምን ቀለም ልታዪው? ያለን የወባ ቀለም ብቻ ነው።»

«እሱው ይበቃኛል።»

ቀዳልኝ። ስላይድ በምንለው ስስ መስተዋት ላይ ቀባሁት፣ ቀለሙን አፍስሼ በማይክሮስኮፑ አየሁት። ጥቁር ሰማያዊ ትልልቅ ሴሎች፣ በጥቃቅን ነጫጭ ቀዳዳዎች የተበሳሱ፤ ኮሌጅ በሥዕል ያሳዩን ካንሰር ራሱ ነው። ምንያህል ራሱ አጎንብሶ አየና የሪፈር ወረቀቱን ሳበ።

ዐወድን ማሳመን የእኔ ድርሻ ሆነ። «ሦስት ጊዜ ወባ ብዬ የላክኋት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩት። «ኩርሙክ ከወሰድካት ግን ትሞትብሃለች። መድኃኒቱ አዲስ አበባ አለ።»

«ነገ አውቶቡስ ስንት ሰዓት ይወጣል?» አለኝ። በማግስቱ ስላይዱን በጥጥ ጠቅልዬ ሰጠሁት፣ አውቶቡስ ተሳፈሩ።

አዲስ አበባ ያሉት ስፔሻሊስት መልስ ጻፉ፦ ካንሰር ነው፣ አሶሳ በትክክል አይታዋለች። «አሶሳ» ብለው ነው የጻፉት። ወረቀቱን ለምንያህል ሳይጠይቀኝ ሁለቴ አነበብኩለት።

ከአምስት ወር በኋላ ኸድራ ተመለሰች፤ የጉንጯ እብጠት ጠፍቷል፣ ፀጉሯ ገና እየበቀለ ነው። ግን ትኩሳት ነበራት። ዐወድ መግባት አቅቶት በሩ ላይ ቀረ። ጣቷን ወጋሁና አየሁ። ወባ ነው፤ ጻፍኩት። ወረቀቱን ግን አልሰጠሁትም። ከወንበሬ ተነሥቼ መንጋጋዋን፣ አንገቷን፣ ሆዷን ቀስ እያልኩ ዳሰስኩ። ምንም የለም።

«ወባ ብቻ ነው» አልኩት።

«አልሐምዱሊላህ። አንቺ ካየሽ ይበቃል» አለና ገባ።